በእኔ ፈንታ እሺ ያልከው

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለአብዱልባሲጥ፣ ካርቱም

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ጤናህን አይንሳህ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ የኮምፒውተር ማሰልጠኛችን ግን ደህና ሰንብቷል ማለት አልችልም።

ማክሰኞ ከአሥሩም ኮምፒውተሮች አንድ የማይረባ ሙዚቃ ማጫወቻ ላጠፋ ብዬ፣ ያቺን በጃቫስክሪፕት የጻፍካትን ፕሮግራም አስነሣኋት። ስትሄድ «ፕሮግራም የሚጭነውንና የሚያጠፋውን የሊኑክሱን ጫኝ እሷ ታዝዝልሻለች፣ አንቺ አትድከሚ» ብለኸኝ የለ? አዘዘችው። ጫኙም ማጫወቻውን ብቻ ሳይሆን ከሱ ጋር የተያያዘውን ሁሉ ጠራርጎ አጠፋው። አሥሩም ስክሪን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ከቆላ ድባ በማለዳ ተሳፍረው የመጡትን ሠልጣኞች ይቅርታ ብዬ መለስኳቸው።

ኮዱን ከፍቼ አነበብኩት። ጫኙ እንኳ ጨዋ ነው፤ «ይህ ሁሉ አብሮ ይጠፋል፣ ልቀጥል?» ብሎ ይጠይቃል። አንተ ግን ጥያቄው እኔ ዘንድ እንዳይደርስ አስቀድመህ «እሺ» ብለህ ጽፈህለታል። ከጎኑም «ሰልማ በጥያቄ እንዳትሰለች» የሚል ማስታወሻ አኑረሃል። ምነው፣ እንዲህ ታስብልኝ ነበር?

በማግስቱ አጎትህ ሀጂ ዐብደላ መጡ። አንተ እዚያ ካርቱም ሁለተኛ ሚስት ልታገባ እንደሆነ፣ ሰርጉም ለመጋቢት እንደተቆረጠ ነገሩኝ። «አንቺም እሺ እንዳልሽ ነግሬዋለሁ» አሉ።

«መቼ ጠየቁኝ?» አልኳቸው።

«በመውሊዱ ሰሞን ነገሩን ሳነሣው ዝም አልሽ። ዝምታ እሺታ ነው።»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ለኒካሐችን አባቴ ጓዳ ገብተው ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት ስለምወድህ ነበር። በመውሊዱ ዝም ያልኩት እንባ ስለያዘኝ ነው። አጎትህ ይህን ባይለዩ አልፈርድባቸውም። አንተ ግን ስልክ እያለህ አልጠየቅከኝም። በዚህ ተናድጃለሁ፤ ተቃጥያለሁም።

ኮምፒውተሮቹን ሁለት ቀን ፈጅቼ እንደገና ጫንኳቸው። «እሺ» ያልክበትን መስመር አጠፋሁት። አሁን ፕሮግራሟ እኔን ትጠይቃለች፤ መልስ ካላገኘች ንቅንቅ አትልም።

ዛሬ ጠዋት ያንተን ስም ከማሽኖቹ ላስወጣ ብዬ አዘዝኳት። «አብዱልባሲጥ ይጠፋል፣ ልቀጥል?» አለችኝ። ይኸው መሽቷል፣ እስካሁን አልመለስኩላትም። ዝም ማለቴን ግን እሺታ አታድርገው።

አላህ ድምፅህን ከራስህ አፍ ያሰማኝ።

እስከ ዛሬ ሚስትህ፣
ሰልማ ቡሽራ