አራት ጣት ከፍ ያለው ወንበር

ሰኞ

ወደቅኩ። ያውም ቆሜ! እየሄድኩ ብወድቅ ሰው ያዝንልኝ ነበር። ገበያው መግቢያ ላይ ከፊቴ ያለው ባጃጅ ቀጥ አለ፣ እኔም ፍሬን ያዝኩ፣ እግሬን ዘረጋሁ፣ መሬቱ የለም። ከነሞተሬ ዘጭ! አንዷ ሽንኩርት ሻጭ "ውይ ዶክተሯን!" ብላ ጮኸች። የከብት ሐኪም መሆኔን ቡታጅራ ሙሉ ያውቃል፤ ስወድቅ ደግሞ ቡታጅራ ሙሉ አየኝ። ጉልበቴ ተላጠ።

ባሌ ተስፋዬ ቁስሌን አይቶ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። "ውቤ፣ ሁለተኛ ከወደቅሽ ሞተሯ ትሸጣለች። ተስማማን?" አለ። "እሺ" አልኩ። ምን ሆኜ ነው እሺ ያልኩት? ስንት ዓመት ተመኝቼ ያገኘኋት ሞተር! ክብ መብራት፣ ሆዳም ታንክ። መልኳ የድሮ፣ ውስጧ የዘንድሮ። ሰው ሁሉ "የጣልያን ጊዜ ናት?" ይለኛል። አዲስ ናት! ስንቱን ላስረዳ?

የሚያስፈልጋት፦
ወንበሯ ዝቅ ይበል። ከሁሉም በፊት!
ጎንና ጎኗ ላይ መከላከያ ብረት።
የክትባት ሳጥኑ የሚታሰርበት ፖርቶ መጋላ፣ ከኋላ።
ረዘም ያለ ፓራፋንጎ፤ የመስቃን ጭቃ የሚያልቀው ጀርባዬ ላይ ነው።
ስፖኪዮ። አሁን ያለው የራሴን ክርን ብቻ ነው የሚያሳየኝ።

ማክሰኞ

ወንበሯን አስፈትቼ ሐጂ ከድር ዘንድ ወሰድኩ። የከተማውን ባጃጅ ወንበር ሁሉ የሚሰፉት እሳቸው ናቸው። አምና ላማቸው አልወልድ ብላ ስታቃስት ጥጃውን ስቤ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ ባዩኝ ቁጥር ዱዓ ነው። "ሐጂ፣ እግሬ መሬት እንዲደርስ ዝቅ ያድርጉልኝ" አልኳቸው፣ በግልጽ። "ኢንሻአላህ ልጄ፣ ላንቺማ አሳምሬ ነው" አሉ። የብረቱን ሥራ ደግሞ ሞተሯን ወስጄ ለበያጁ ሰጠሁ።

ረቡዕ

ሐጂ "ነገ" አሉ። በያጁም "ነገ"። እዚህ አገር ዛሬ የሚባል ቀን የለም!

ከብት ልከትብ እንሴኖ በባጃጅ ሄድኩ፣ የክትባት ሳጥኑን ታቅፌ። ባጃጁ ሰው እስኪሞላ፣ ሾፌሩ ሻይ እስኪጠጣ፣ በረዶው ቀለጠ። ክትባቱ ተበላሸ። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ከጧት ጀምሮ ቆመው ነበር። አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እሱ ነው የባሰው። ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ማልኩላቸው።

ሐሙስ

ወንበሩ ደረሰ። ወይኔ! ከፍ ብሏል! በአራት ጣት! ቀይ ሌዘር፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ፣ የሙሽራ መኪና አስመስለውታል። "ሐጂ፣ እኔ እኮ ዝቅ..." ስል አቋረጡኝ። "ላሜን ያተረፈች ልጅ ዝቅ ብላ ስትቀመጥ ልይ? ወላሂ አይሆንም! ሒሳብ ካነሳሽም እንጣላለን።"

በነጻ የሠሩልኝን ሽማግሌ አበላሹብኝ ልበላቸው? "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ወጣሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

በያጁም መከላከያውን ደህና አድርጎ ገጠመው። ፖርቶ መጋላው ግን ሙክት አስተኝቶ ይጭናል። "ይጠቅምሻል" አለኝ። ማን ጠየቀህ?

ቤት ስደርስ የአጥሩን ድንጋይ ተደግፌ ወረድኩ። ተስፋዬ "አምሮባታል" አለ፣ ሳቁን ውጦ።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ በሐጂ ሱቅ በር ሳልፍ እጃቸውን አነሱልኝ። ካልቆምኩ ንቀት ነው። ቆምኩ። ሞተሯ ወደ ግራ ተጋደለች። ሐጂ ጫማቸውን ጥለው ሮጡና መሪውን ያዙ፣ በዚያ በታመመ ወገባቸው።

"እግርሽ አይደርስም እንዴ?"
"አይደርስም።"
"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"
"በነጻ ስለሠሩልኝ አፈርኩ።"

"አስተግፊሩላህ! እኔ ደግሞ ዝቅ ይበል ያልሽው ለትሕትና መስሎኝ። ልገልሽ ነበር እኮ!"

እዚያው መንገድ ዳር ሌዘሩን ገልጠው ስፖንጁን በቢላ ይቀንሱ ጀመር። እኔ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፤ ሰፈሩ ይፈርዳል። "ትንሽ ይቀነስ!" "ኧረ በቃ፣ ብረት ላይ ልታስቀምጧት ነው?" በመጨረሻ ሁለቱም ተረከዞቼ መሬት ነኩ። የኋለኛውን መቀመጫ ግን ሐጂ አልነካም አሉ። "የእንግዳ ቦታ ነው፣ ከፍ ይበል።" ግትር ሽማግሌ! ግን እወዳቸዋለሁ።

ሞተሯ መሬት አልነካችም። ስለዚህ አልወደቅኩም። ወይስ ወደቅኩ? ለተስፋዬ ልንገረው?

ቅዳሜ

እንሴኖ በረዶው ሳይቀልጥ ደረስኩ። መንገዱን ከብት ዘግቶት መሀሉ ላይ ቆምኩ፣ እግሬ ደረሰ! አንድ በሬ ያንን የማይረባ ስፖኪዮ ላሰልኝ፤ ይላሰው። የቀጠርኳቸው ሁሉ መጡ። አንድም ሳይከተብ የተመለሰ ከብት የለም።

ቤት ገብቼ ለተስፋዬ የዓርቡንም ጨምሬ ነገርኩት። "ሐጂ ባይይዙሽስ?" አለ። "እወድቅ ነበር።" ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ። "እስቲ እኔንም አዙሪኝ" አለ። ሞተሯ ከመጣች አንድ ቀን ተቀምጦባት አያውቅም።

ከኋላዬ፣ ከኔ በላይ፣ ዘርፉ መሀል ጉብ አለ። ወገቤን እንደዛሬ ጨምቆ ይዞኝ አያውቅም። ገበያው መግቢያ ላይ፣ ያቺው የወደቅኩባት ቦታ፣ ሆን ብዬ ቆምኩና ሁለት እግሬን ተከልኩ። "አየህ?" አልኩት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ውቤ፣ እግሬ ተንጠለጠለ። ሐጂን የኋላውንም ትንሽ ዝቅ ያድርጉት በያቸው" አለኝ።

"ራስህ ንገራቸዋ!"

"ኧረ ነውር ነው" አለ፣ "በነጻ ሠርተውት።"