ላንጋንግ የነበረው ዳገት

ለታላቅ ወንድሜ፣

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን በማስቀደም ልጀምር። ባሌ ኤመሪክ ያን ጠዋት የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን ተሸክሞ ወደ ዳገቱ ሲያቀና በወጥ ቤቴ መስኮት አይቼዋለሁ። ከፍቼ ብጠራው ይሰማኝ ነበር። አልጠራሁትም።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ? ብርዱ ሲጠና የሚነሣብህ ሕመም ተሻለህ? የእንግዳ ማረፊያህ ጭስ እንደማይቋረጥ ከዚህ ሆኜ አያለሁ። እኔም ፍየሎቼም ደህና ነን። ቤትህ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ግን ፊትህ ስቆም ምላሴ ይታሰራል። እጄ አይታሰርም።

እጅ ጽሑፌን ያመሰገንከው አንተው ነህ። ባሌ ከመሞቱ በፊት በነበረው መከር ሳንቃና ቀለም ይዘህ መጣህ። «እህቴ፣ ትምህርት ቤት ሳትጨርሺ ከቄሱ የተሻለ ትጽፊያለሽ፤ እስቲ ይህን ጻፊልኝ» አልከኝ። የአባቶቻችን ላንጋንግ «የፀሐይ ዳገት» ይባል አልክ። እኔም ላን በሸለቋችን አነጋገር የበረዶ ናዳ ነው፣ ላንጋንግ የናዳ መሄጃ ነው፣ አያቶቻችን ስም የሚያወጡት ለጌጥ አይደለም አልኩህ። ሳቅህ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ናዳ መሄጃ ላይ ሽርሽር ና የሚባል እንግዳ አለ? መቃብር ብለሽ ምግብ ቤት አትከፍቺም!» አልክ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ጻፍኩት፤ ከሥሩም «ወደ ባቡር ጣቢያው አጭር መንገድ» ብዬ ጨመርኩ። ፊደሉ አምሮ ነበር።

ኤመሪክ የሜዳ አገር ሰው ነው። አሮጌው ስም ቢሆን ኖሮ ምን ማለት ነው ብሎ ይጠይቀኝ ነበር፤ ቃል ሳይጠይቅ አያልፍም። ፀሐይን ግን ማን ይጠይቃል?

አንተ ያን ቀን ከተማ ነበርክ። አመሻሽ ላይ ተመልሰህ ከሌሎቹ ጋር ቆፍረህ አወጣኸው። በማግስቱ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ «ከልክዬው ነበር፣ አልሰማም አለ፤ የሜዳ ሰው በረዶ ላይ ዓይን የለውም» ብለህ ለሰው ሁሉ ተናገርክ። እኔ ቀና ብዬ አየሁህ። አንተም ወደ ጥግ ወስደህ ከጀርባው የፈታኸውን ከረጢት ሰጠኸኝ። ሦስት ሸሚዝ፣ የጢም መላጫው፣ የእናቱ ፎቶግራፍ፤ ጥሎኝ የሚሄድ ሰው ጓዝ ነበር። «ከረጢቱን እኔ አላየሁም፤ አንቺም ሰሌዳውን አታስታውሺም» አልከኝ። በዚህ ተስማማን። ወንድምና እህት ነን።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ክረምት አለፈ። ሰው መበለቲቱ በሐዘን በረዶ ላይ ትዞራለች ይላል። እኔ ግን እየተማርኩ ነበር። ከተዘጋው ትምህርት ቤት የተጣለ መጽሐፍ አነሣሁ፤ አንድ ገጽ ለመረዳት አንዳንዴ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። በልጆች ማዕዘን መለኪያ ላይ ክር አሰርኩ፤ በክሩ ጫፍ የኤመሪክን የኮት ቁልፍ አንጠለጠልኩ። በዚያ ቁልፍ የሸለቆውን ዳገት ሁሉ ለካሁ። ሠላሳ ዲግሪ ላይ ሲደርስ ናዳ ሊነሣ ይችላል፤ ያንተ የፀሐይ ዳገት ሠላሳ ስድስት ነው። ነፋሱ ከሸንተረሩ ወዲያ ያለውን በረዶ ጠርጎ እዚያው ይከምረዋል። ያረጀ ጥድ አንድም አልበቀለበትም፤ ያሉት ቁጥቋጦዎች ሁሉ ወደ ታች ተጎንብሰዋል፣ የዳር ዛፎችም ወደ ላይ ያለው ቅርንጫፋቸው ተገንጥሏል። ከግርጌው ያለው ጎድጓዳ የወረደውን ሁሉ ይሰበስባል። እሱን ያገኛችሁት እዚያ ነው።

አንድ ቀን በዳሩ ስሄድ በረዶው ከእግሬ ሥር «ሁምፍ» ብሎ ሰመጠ። ከታች ያለው ንብርብር መፍረሱ ነው። ያን ድምፅ በልጅነታችንም ሰምተነዋል፤ አባታችን እጃችንን ይዞ ሲሮጥ አስታውስ። ስለዚህ አላውቅም ነበር አትበለኝ። እኔም አልልም።

ልጅህ ባለፈው ሳምንት መጥታ መለኪያዬን አየችና «አክስቴ፣ አንቺ ደግሞ በረዶ ስትለኪ ልታረጂ ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። ቅዳሜ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች በፀሐይ ዳገት የምትመራው እሷ መሆኗን ነገረችኝ። እንዴት ደስ ብሏታል! ከዚያ እንደ ቀልድ «ባልሽ እኮ አባቴን ቢሰማ ኖሮ ዛሬ አብሮን ይበላ ነበር» አለች። የቆረስኩትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩ።

ብዙ ዓመት በቀልን ሳስብ ቤትህ ሲቃጠል ይታየኝ ነበር። አሁን የምፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው። ልጅህ ስታነብ ፊት ለፊቷ እንድትቆም እፈልጋለሁ። እኔ ያን መስኮት አሥራ አንድ ክረምት እንዳየሁት፣ አንተም ፊቷን እያየህ ኑር። በእኔም ላይ የምትፈርደውን ትፍረድ፤ የከረጢቱን ነገር እኔው ስለጻፍኩላት እኔን ዝም ማሰኛ አልቀረህም።

ከወረቀቱ ጋር በአሮጌው ጥድ ደን ውስጥ የሚያልፈውን መንገድ ስዬአለሁ። አንድ ሰዓት ያረዝማል፤ ከሃያ አምስት የሚያልፍ ቦታ የለውም። ሰሌዳውንም ትናንት ወጥቼ ቀብቼዋለሁ። የድሮው ስም ነው ያለበት፤ ፊደሉ እንደዚያኛው አላማረም።

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው። አጭር ዕድሜ ለዚህ አይበቃም።

እህትህ

ፖስታው ላይ ያንተን ስም አልጻፍኩም። ዛሬ ቁርስ ላይ፣ እንግዶችህ ባሉበት፣ በእጇ የምሰጣት ለልጅህ ለቡርጊ ነው።