ከገመዱ ማዶ

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

የሆቴል ሠራተኞች ልብስ መጥቶ አርባ ሁለት ሸሚዝ ስተኩስ ዋልኩ። ካውያው እንፋሎት አልተፋ ብሎ ሁለቴ አጠፋሁት፣ ሁለቴ አበራሁት። ወገቤ የለም።

ከሰዓት እትዬ ላውንደሪው ድረስ መጣች። ታላቅ እህቴ ባዶ እጇን አትመጣም፤ ትእዛዝ ይዛ ነው የምትመጣው። «እሁድ ቀጠሮ እንዳትይዢ» አለች። እኔን የሚቀጥር ማን አለና! ብሔራዊ ፓርኩን ልናይ ነው። ሦስት ፏፏቴ፣ ከአስጎብኚ ጋር፣ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ። ለሁለታችንም ቲኬት ቆርጣ ጨርሳለች።

«የምለብሰው የለኝም» አልኳት።

«የአገሩን ልብስ ስትተኩሺ እየዋልሽ?»

ልብስ ተቀባይዋ በሳቅ ሞተች። እኔም ሳቅኩ። ከባሌ ከተፋታሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ እትዬ ከቤት ልታስወጣኝ ያልሞከረችው ነገር የለም። እሺ አልኳት። እሺ ባልልስ መች ትለቀኛለች?

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ከጎረቤቴ የስፖርት ጫማ ተዋስኩ። ትንሽ ይሰፋኛል። ካልሲ ደርቤ ሞከርኩት... ይሆናል።

ደስ ብሎኛል መሰለኝ። እንዴት እንደሚል ረስቼው ነበር።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ግን ልጻፈው። ከመጀመሪያው።

ሚኒባሱ ውስጥ አሥራ አንድ ነበርን። አስጎብኚው ወደ ስልሳ የሚጠጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ፊታቸውን ፀሐይ የጠበሰው ሰውዬ ናቸው። አንገታቸው ላይ ባጅና ፊሽካ። በወረድን ቁጥር ፊሽካ እየነፉ ይቆጥሩናል። እትዬ ገና መኪናው ሳይሞቅ «ጋሽ ፊሽካ» ብላ ስም አወጣችላቸው። አልተቀየሟትም። «ከዚህ የባሰ ስምም ወጥቶልኛል» አሉ።

የመጀመሪያው ፏፏቴ ጋ ከሩቅ ቆመን ረጠብን። ሁለተኛው ጋ በደረጃ ይወረዳል። ከታች ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ማዶ ዝርግ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ገደል። ውሃው ስለሚያደነቁር ጋሽ ፊሽካ ፊት ለፊታችን መጥተው ቆሙ። ገመዱን በእጃቸው ያዙት። «ከዚህ ወዲያ አንድም እግር። ድንጋዩ ሳሙና ነው» አሉ። ዞረው ለኋለኞቹም ደገሙት። ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ሰምቻለሁ።

ታዲያ ለምን?

ፎቶ። እንዲያየኝ ነበር... ማን? እሱ ነዋ። ስቄ፣ ፀጉሬ ረጥቦ፣ ከኋላዬ ያ ሁሉ ውሃ ሲወርድ። ያለ አንተም ይኸው እንዲህ ነኝ ልለው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላት ሴት!

ከእኛ ጋር ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ ደረጃው ላይ ጉልበታቸው እምቢ ሲል ጋሽ ፊሽካ ሊደግፏቸው ዞር አሉ። ስልኬን ለእትዬ ሰጠሁና ገመዱን አለፍኩ። «ትንሽ ወደ ኋላ፣ ፏፏቴው ተቆረጠ» አለችኝ። አንድ እርምጃ ጨመርኩ። እግሬ ጫማው ውስጥ ዞረ። ከዚያ ሰማይ ነው ያየሁት።

የሰው ቁመት ያህል ወርጄ አንድ ጠርዝ ላይ ቀረሁ። የዛፍ ሥር ይዣለሁ። ፊሽካ ሰማሁ። ቀጥሎ ጋሽ ፊሽካ በሆዳቸው እየተሳቡ ወረዱ፤ ከበታቼ እግራቸውን አስደግፈው ቆሙ።

«ውሃውን አትይ። እኔን እይኝ። ትከሻዬ ላይ ውጪ።»

«እከብድዎታለሁ...»

«ውጪ አልኩሽ!»

ወጣሁ። በተዋስኩት ጫማ ትከሻቸውን ረግጬ ወጣሁ። እትዬና ፊሽካውን ሰምቶ የመጣው ሾፌር እጄን ጎተቱኝ። ዘወር ስል ጋሽ ፊሽካ እዚያ አልነበሩም። ታች ድንጋዮቹ መሀል ነበሩ።

ቅልጥማቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ራሳቸውንም መቷቸዋል። በቃሬዛ ሲወስዷቸው አይናቸው ተከድኖ ነበር።

ፓርኩ ቢሮ ኃላፊው ቃላችንን ተቀበለ። «ገመዱን እንድታልፉ ማን ፈቀደ?» አለ። አፌን ከፈትኩ... እትዬ ቀደመችኝ።

«እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ለፎቶ እለፉ አሉን።»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ወረቀቱን ገፋልኝ፤ ፈረምኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ እትዬ ጆሮዬ ሥር «ያንቺ ጥፋት ቢሆን ክስ ነበር። እሳቸውን ድርጅታቸው ያያቸዋል፤ ምንም አይሆኑም» አለችኝ። እጄን ይዛው ነበር፤ እንደ ልጅነታችን። አልነጠቅኳትም።

እኔ ጉልበቴ ተልጧል። በቃ፣ ይኼው ነው የደረሰብኝ።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ። አለቃዬ እንኳ አልተቆጣም፤ «ከሞት ለተረፈ ይፈቀዳል» አለ። ሁሉም እንኳን ተረፍሽ ይለኛል። አሜን እላለሁ። ምን ልበል?

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

አስጎብኚ ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። የታመመ ልጠይቅ ብዬ እንጂ ሌላ አልነበረኝም... ነበረኝ እንዴ?

ስልኩን ያነሳችው ልጅ «እሳቸው አሁን ከእኛ ጋር አይሠሩም» አለች። እንዴት? አታውቅም። የሾፌሩን ቁጥር ለምኜ ወሰድኩ።

ሾፌሩ ተናገረ። «ባጃቸውን ፓርኩ ነጠቃቸው። ሰው ከገመድ አሳልፈዋል ተብሎ። ያለ ባጅ ደግሞ ማን ያሠራቸዋል? ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስጎበኙ አንድ ሰው እንኳ ተጭሮባቸው አያውቅም።»

«አንቺ ነሽ አይደል የወደቅሽው?» አለኝ ቀጥሎ።

«አዎ።»

«እንኳን ተረፍሽ።»

አልዘጋውም። የምናገረው ካለ እየጠበቀ ነበር። እኔ ዘጋሁት።

ጥቅምት 24፣ እሁድ

ዛሬ ቤታቸው ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ። ሾፌሩ ነው ቤቱን የነገረኝ።

ሦስተኛ ፎቅ። ሚስታቸው ከፈቱልኝ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ብርቱካኑን ተቀበሉኝ፤ ፊቴን ግን አላዩትም። ጋሽ ፊሽካ መስኮቱ ጋ ሶፋ ላይ ተዘርግተዋል፤ እግራቸው በጄሶ ሆኖ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። አንገታቸው ላይ ምንም የለም። ሊነሱ ሞከሩ! ለእኔ!

«ጉልበትሽስ?» አሉኝ።

ጉልበትሽስ...

«ደህና ነው» አልኳቸው። ልነግራቸው ነበር፤ በደረጃው ስወጣ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ቀደሙኝ።

«ያን ቀን ከመጀመሪያው ፏፏቴ በኋላ ያለው ጠፍቶብኛል» አሉ። «ራሴን ስለመታኝ ነው አለ ሐኪሙ። ‹እለፉ ብሎናል› ብለዋል ሲሉኝ በፍጹም አልልም አልኩ። ኋላ ሳስበው ግን... እናንተ ምን በወጣችሁ ትዋሻላችሁ? ቂም የለን፣ ትውውቅ የለን። ብያለሁ ማለት ነው።»

ሚስታቸው ከማድ ቤት በር ላይ ሆነው፣ «አሁን ምድጃ ማጥፋቱን እንኳ አያምንም። ሦስት ጊዜ ተመልከቺልኝ ይለኛል» አሉ።

«ዕድሜ ነው» አሉ ጋሽ ፊሽካ፤ ለመሳቅ ሞከሩ። ከዚያ እጄን ያዙ። «ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ። ልገድልሽ ነበር።»

እኔስ ምን አልኩ?

«ግድ የለም» አልኩ።

ይቅር አልኳቸው! እኔ! እሳቸውን! ሻይ ቀርቦልኝ ጠጣሁ። አመስግኜ ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

እግራቸውን ብቻ መስሎኝ ነበር የሰበርኩት።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ከሥራ ወጥቼ እትዬ ቤት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቃሌን ልለውጥ ነው አልኳት።

ቢላዋውን አስቀመጠች። «አብደሻል? ውሸት ፈርመናል ልትይ? እኔስ? ልጆቼስ?»

«ሰውዬው ጭንቅላቴ ከዳኝ ብለው እየተጨነቁ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ላንቺ ብዬ ነው የዋሸሁት! ላንቺ!»

«አውቃለሁ። እኔም ዝም ያልኩት ላንቺ ብዬ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ለራሴ ነው።»

«ውጪልኝ» አለች። በሽንኩርት ይሁን በእኔ አላውቅም፣ እያለቀሰች ነበር። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ውጪልኝ ብላኝ አታውቅም።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ከአለቃዬ ፈቃድ ጠይቄ ብቻዬን ፓርኩ ድረስ ሄድኩ። ሁለት አውቶቡስ። ያው ኃላፊ፣ ያው ጠረጴዛ። እውነቱን ነገርኩት። ሁለት ጊዜ እንደከለከሉን፣ እኔ እንዳለፍኩ፣ እንደዋሸሁ። ቀና ብሎ አየኝ፤ እንዲህ ታይቼ አላውቅም። እኔም መልሼ አየሁት እንጂ፣ አንገቴን አልደፋሁም... ደፋሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ እዚህም?

ጻፈው። ግን አይበቃም አለኝ። «የእህትሽ ቃል እንደነበረ ነው። ሌላው ሰው ሲከለክሉ ሰምቷል፤ ኋላ ለእናንተ እለፉ ይበሉ አይበሉ ግን ደረጃው ጋ ስለነበር አልሰማሁም፣ አላየሁም ብሏል። አንዷ ብለዋል፣ አንዷ አላሉም ስትል እኔ የቱን ልያዝ?»

ተመለስኩ። ለእትዬ ደወልኩ። አታነሳም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

አታነሳም።

ኅዳር 1፣ እሁድ

በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማ ነበር። ላንኳኳ እጄን አነሳሁና... ምን እላታለሁ? ልጆችሽን ይዘሽ ለእኔ ጥፋት ቁሚ? ራሴ ጎትቼ ያስገባኋት ነገር ውስጥ ብቻዋን ትቻት ወጣሁ። እሷንም በደልኩ። ማንን ያልበደልኩት አለ?

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ጠዋት ካውያው ገና ሳይግል እትዬ ላውንደሪው በር ላይ። ነጠላ ጫማ አድርጋ። ነጠላ ጫማ አድርጋ ከቤቷ ርቃ ስትሄድ አይቻት አላውቅም።

«ሄጄ አየኋቸው» አለች።

«ማንን?»

«ሰውየውን። ሾፌሩ ቤቱን ነገረኝ፤ ከመንገድ ማዶ ሆኜ። ትናንት። ሚስታቸው ደግፈዋቸው በክራንች እስከ ሕንፃው በር ወረዱ። በሩን ዘጉ። ሁለት እርምጃ ሄዱና ተመልሰው እጀታውን ነካኩ። እንደገና ሄዱ፣ እንደገና ተመለሱ። ሚስትየዋ ዝም ብለው ይጠብቋቸው ነበር።»

አለቃዬን ለመንኩት። «ዛሬ ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?» አለ፤ ፊቴን ሲያይ ግን ሂጂ አለኝ።

ሁለቱን አውቶቡስ አብረን ተሳፈርን። ኃላፊው ጋ ስንደርስ እትዬ ቀደመችኝ፤ ዛሬም እንደዚያን ቀን። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ ራሷን ነው የነቀነቀችው» አለች። ድምፅዋ እንዲህ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ፣ «ገመዱን ያለፍኩት እኔ ነኝ፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። ኃላፊው «ቀስ በቀስ፤ አንድ በአንድ» አለ። ይጽፋል፣ እኛ እንሻማለን።

ባጃቸው ይመለሳል፤ ደብዳቤው በሳምንቱ መጨረሻ ለድርጅቱ ይደርሳል። እኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን፣ ሁለት ዓመትም ፓርኩ እንዳንገባ ተከለከልን። ሁለት ዓመት ብቻ? አልኩ በልቤ።

ከአፋችን ይስሙት፣ ከደብዳቤው በፊት፣ አልኳት እትዬን። «አንቺ ንገሪያቸው» አለች። «እኔ አይናቸውን ማየት አልችልም።»

ኅዳር 8፣ እሁድ

ብቻዬን ወጣሁ። እትዬ እስከ መንገዱ ሸኝታኝ ቀረች።

ጋሽ ፊሽካ በክራንች ራሳቸው ከፈቱልኝ። መቀመጥ ፈራሁ፤ ከተቀመጥኩ ሻይ ይመጣል፣ ሻይ ከመጣ አልናገርም። ቆሜ ነገርኳቸው።

«እለፉ አላሉንም። ሁለት ጊዜ ከለከሉን። ሰምቼ ነው ያለፍኩት። ዋሽተን ነው የፈረምነው።»

«አላልኩም?»

«አላሉም።»

ሚስታቸውን ጠሯቸው። እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ መጡ። «ድገሚላት» አሉኝ።

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ባሰ። ሚስታቸው ፎጣውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ጋሽ ፊሽካ ሶፋው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ይሄን ሁሉ ቀን» አሉ፤ «ቀጥሎ የልጆቼን ስም እረሳለሁ ብዬ ስፈራ ነበር። አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ሻይ ጠጥተሻል። ይቅርታ ጠይቄሽ ግድ የለም ብለሽኛል።»

«አዎ።»

«ለምን?»

የማያሳፍር መልስ ፈለግኩ። የለም። «ፈርቼ ነው» አልኩ።

አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ ደብዳቤው ነገርኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሰሙኝ ግን አልመሰለኝም። ወደ ሚስታቸው ዞረው «አላልኩም እኮ» አሉ፣ «አላልኩም።» ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«በይ ሂጂ አሁን» አሉኝ። ልጄ አላሉኝም። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ ተውኩት። ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ እንዲቀለኝ የምጠይቀው መሰለኝ። ሌላ ቀን፣ ከፈቀዱልኝ።

ወረድኩ። እትዬ ያው ቦታ ቆማለች፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋ።

«ምን አሉሽ?»

«ሂጂ አሉኝ።»

ወደ ሦስተኛው ፎቅ መስኮት ቀና ብላ አየች። እትዬ ይቅርታ ስትጠይቅ አይቻት አላውቅም፤ ጥፋቷ ቢሆንም ወጥ ሠርታ ትልክልሻለች እንጂ አፏን አትከፍትም።

«በሩ የቱ ነው?» አለችኝ።

«በስተቀኝ ያለው። ልምጣ አብሬሽ?»

«አይ።»

ቦርሳዋን አስያዘችኝ። የደረጃውን ብረት ይዛ፣ አንድ አንድ እያለች ወጣች። ታች ቆሜ ስታንኳኳ ሰማሁ። ቆየ። እንደገና አንኳኳች። በሩ ተከፈተ።

እስካሁን አልወረደችም። ይሄንን የምጽፈው ደረጃው ሥር ቁጭ ብዬ ነው፣ ቦርሳዋ ጭኔ ላይ።