ሻንጣዬ ውስጥ የተተከለው ጌሾ

ማርቲ፣

ስለ ስደት ያዘጋጀሽው ኤግዚቢሽን ሰው አስለቅሷል፤ ደስ ይበልሽ።

ያለቀሱት አከራያችን እትዬ ወለተ ኪዳን ናቸው። ዛሬ ከጸበል እንደተመለሱ አዳራሹ ድረስ ሄደው፣ ከጓሯቸው ነቅለሽ ሻንጣዬ ውስጥ የተከልሽውን ጌሾ ቅጠሉን ቀምሰው አወቁት። ከትውልድ አገራቸው ከቁይ ተድረው ሲመጡ እናታቸው ያስያዟቸው ችግኝ ነበር።

እስከ ነገ ቤቱን ልቀቁልኝ ብለዋል።

«ማን ይፈልገዋል» ብዬ ዶማውን ያቀበልኩሽ እኔ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው በራቸው ድረስ ሄጄ ነበር።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለልሽ፤ አሙቀሽ ብዪ።

ቁልፉን ስታስረክቢ ጌሾውንም ከነሻንጣው መልሺላቸው። ሁለተኛ እንዳትነቅዪው።

እኔ ሻንጣ ስለሌለኝ ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ይጁቤ ከተማ እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ።

ፈንታዬ