በበዓለ ሃምሳ የያዝሽው ጾም

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ልነግርሽ አፌ እምቢ ስላለኝ ነው የምጽፍልሽ፤ የመሳፍንት ልጅ ሠርካለም ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ባለፈው ምሳ በልተሽ እንደሆን ስጠይቅሽ ጾም ይዣለሁ አልሽኝ። በርቺ ብዬ ዘጋሁት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ እዚህ ሲያትል እንደ እህት ለሆነችኝ ለእጅጋየሁ፣ እናቴ ጾም አይሰለቻትም ብዬ በኩራት አወራሁላት። ሳቀችብኝ። በዓለ ሃምሳ እኮ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ ኮል ስታደርጊ ኔትወርኩ አስቸግሮሽ ይሆናል አለችኝ። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ወንድሜ መሳፍንት ጋ ደወልኩ። ብዙ ከሸሸኝ በኋላ የቡናው ገንዘብ ከመጋቢት እንዳላለፈ፣ በቀን አንዴ እንደምትበሉ ነገረኝ። ከጓሮ የቀረችውን አንድ ረድፍ እንሰትም ነቅሎ ቡና ሊተክልባት ነው።

እኔ በምሠራበት ካፌ ከአገራችን ከከፋ በመጣ ቡና ከረጢት ላይ አንዲት ሴት ቀይ ቡና ታቅፋ ትስቃለች። ድሮ አገሬ ነው እያልኩ ለደንበኛ አሳይ ነበር፤ አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ካፌው ሲዘጋ ያልተሸጠውን ኬክ ቆሻሻ ውስጥ የምደፋው እኔ ነኝ።

ከሁሉ የምጠላው ግን ራሴን ነው። እንሰቱን ንቀሉት፣ ቡና ይሻላችኋል ያልኩት ለኑሯችሁ አስቤ አልነበረም። ባለቤቴን ፍስሐን ላሳያችሁ ያመጣሁት ጊዜ፣ የቆጮው ሽታ ከልብሴ አልለቅ አለ ብሎ ሲያጉረመርም አፍሬ ነው። አንቺ የሰማሽ አልመሰለኝም ነበር። በማግስቱ ከጎረቤት እንጀራ ተበድረሽ ማቅረብሽ ዛሬ ነው ትዝ ያለኝ።

እማዬ፣ ያቺን ረድፍ ሙጭጭ ብለሽ ያዣት። እንሰት ዛሬ ቢተከል ለመብላት አምስት ዓመት ይፈልጋል። መሳፍንት ከተቆጣ እኔን ይቆጣኝ። ለክረምቱ እህል የሚገዛበትን ልኬያለሁ።

የሐዋርያት ጾም ሲገባ አንቺ ብዪ። ያንቺን እኔ እጾመዋለሁ፤ አንቺ አስቀድመሽ ጨርሰሻል።

ኪዳነ ምሕረት ጓሮሽን ትጠብቅልሽ፣ እኔንም ለይቅርታሽ ታብቃኝ።

በቆጮ ያሳደግሻት ልጅሽ