«ይመለስ» ያልተባሉ መጻሕፍት

ሰኞ ጠዋት፣ የካቲት 11 ቀን

ሚጣዬ፣ የሆዴ ልጅ፣

እንዴት ነሽልኝ? በየደብዳቤዬ መጀመሪያ ይህን የምጠይቅሽ ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ዛሬ ግን መልሱን ፈልጌው ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። ማተሚያ ቤቱም እንዳለ ነው፤ እኔ ጥራዝ እሰፋለሁ፣ በወንድምሽ የወረቀት መቁረጫ ላይ የተቀጠረው ሰውዬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያፏጫል። መጀመሪያ ሰሞን ልቆጣው ይቃጣኝ ነበር። አሁን ዝም ሲል ነው የምደነግጠው። ጽሕፈቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ታግሰሽ፣ ምንም ሳታልፊ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

መጽሐፎችሽ ሁሉም ደርሰዋል። መጀመሪያ የመጡት፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ለአራሚው የላክሻቸው ሁለቱ ወፋፍራም የታሪክ መጻሕፍት ናቸው። «ለአራሚው አባባ፤ ስህተት ፈልገው ሲያጡ ይናደዱ ብዬ» የሚለውን ወረቀትሽን እሳቸው ለማተሚያ ቤቱ ሰው ሁሉ አሳዩት። ቀጥሎ የፋርማሲስቷ መጣ፤ «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ማንም አይታመምም» ብለሽ የጻፍሽላት። ከዚያ የልብስ ሰፊው፤ «አጭር ስለሆነ ምናልባት ይጨርሰዋል»። ተናደደ፤ ግን እስካሁን አልጨረሰውም። ዓርብ ዕለት ደግሞ የእኔ ደረሰ። «ለእማዬ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።» ተራራ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ነፋስና ዝናብ ስለምትመዘግብ ሴት ነው። ሰባት ገጽ ሄድኩ። የምትወጂውን መጽሐፍ ለእኔ መምረጥሽ ደስ ብሎኝ፣ ቅዳሜ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ ንባብ ማኅበሩ ይዤው ሄድኩ።

ቅዳሜ እንደምታውቂው ከጥረዛ ክፍሉ ጀርባ፣ የወረቀት ቁራጭ የሚከመርበት ቦታ ነው የምንሰበሰበው። አራታችንም መጽሐፍሽን ይዘን መጥተን ኖሯል። ልብስ ሰፊው አየና ሳቀ።

«ምን ሆና ነው ልጅቷ? ቤቷን ልትለቅ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ምን አስቀናህ?» አለችው ፋርማሲስቷ። «አንተ ከሰጠኸኝ መጽሐፍ ላይ የቀረው ሽፋኑ ነበር።»

«እኔማ ወድጄዋለሁ። የቤተሰቡ ነገር ነው፤ ወንድሟም መጨረሻ አካባቢ እጁ ተፈትቶ ነበር። ለእኔ ብቻ አምስት ሰጥቶኛል።»

እኔ ጭኔ ላይ ካለው መጽሐፍ ውስጥ ወረቀትሽን አውጥቼ አየሁት። ማንም አላስተዋለኝም፤ ሳቃቸውን ቀጠሉ።

የወንድምሽን ደንብ ታስታውሺያለሽ። አንድ ሰው የወደደውን መጽሐፍ ለሚስማማው ሰው ይሰጣል፤ ከቁራጭ ወረቀት ላይ ለማን እንደሆነና ለምን እንደመረጠለት ይጽፋል፤ ከታች «ይመለስ» ይልበታል። ልብስ ሰፊው «እንደ ቤተ መጻሕፍት ዘበኛ» ብሎ ሲያላግጥበት፣ ወንድምሽ ምን አለው? «መጽሐፉ ሲመለስ አብሮ ወሬው ይመጣል። እኔ የምጠብቀው ወሬውን ነው።» አንቺም ከሩቅ ሆነሽ በፖስታ ስትልኪ ይህን ቃል ረስተሽ አታውቂም። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ታሰምሪበት ነበር።

«ወረቀቶቹን አውጡልኝ» አልኳቸው።

«ለምን፣ እትዬ?» አለች ፋርማሲስቷ።

«‹ይመለስ› ይላል?»

አወጡ። አገላበጡ። አይልም። የእኔም አይልም። ልብስ ሰፊው «ረስታው ይሆናል» አለ። ድምፁ ግን የቅድሙ አልነበረም።

አራሚው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወንድሟ የሰጠኝም ላይ አልነበረም» አሉ። «ዕድሜ ልኬን የጎደለ ቃል ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያኔ ግን አላየሁትም። ቸር ሆነ ብዬ ደስ አለኝ።»

ሚጣዬ፣ አሁን የምጽፍልሽን ነገር ሁለት ዓመት አፌ ውስጥ ይዤዋለሁ።

ለቀብር ስትመጪ፣ ወንድምሽ የማተሚያ ቤቱን ቆርቆሮ ሊያስተካክል ወጥቶ ተንሸራተተ ብዬሻለሁ። አልተንሸራተተም። ዝናብ ከቆመ ሦስት ወር ሆኖት ነበር፤ የሚያፈስ ጣራ አልነበረም። ሰዓቱንና የማሽኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ራሱ ፈልጎ ነው የሄደብን። አራሚው ያውቃሉ፤ ፋርማሲስቷም ታውቃለች። ዋሹልኝ ብዬ ለምኛቸው ነው። አንቺ ሰው አገር ብቻሽን ነሽ፤ ይህን ይዘሽ ባዶ ክፍል እንድትገቢ አልፈለግሁም። እኔ አንቺን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በፊት ወራት ሙሉ ጨልሞበት ነበር። ያቀረብኩለትን ምግብ ይነካካና ይተወዋል፤ አንድ ገጽ ከፍቶ ሳይገልጥ ይቀመጣል። ከዚያ በአንድ ሳምንት ቀለል አለው። ክፍሉን ጠረገ። መጽሐፎቹን እየለየ፣ ይህ ለእከሌ፣ ይህ ለእከሊት እያለ አደለ። ድምፁ ፈካ። እኔ ሞኟ «ልጄ ተሻለው» ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። የተሻለው መስሎኝ የነበረው፣ ለካስ ወስኖ ነው።

ባለፈው ሐሙስ በስልክ ያወራሽኝበት ድምፅ ያ ነው። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ክፍሌን እያጸዳሁ ነው፣ መጽሐፍ በዝቶብኛል» ስትዪኝ እኔ ሳቅሁ። ከክረምቱ ጀምሮ እንደዚያ ዝግ ብለሽ ስታወሪኝ ከርመሽ፣ ሐሙስ ቀለል ስትይልኝ እንደገና «ተሻላት» ብዬ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ከማኅበሩ እንደወጣሁ ደወልኩልሽ። ይጠራል፣ አይነሳም። እሁድ ጠዋት ተዘግቷል። ዛሬ በማለዳ ፋብሪካችሁ ደወልኩ። ላቦራቶሪው ውስጥ ያለችው ልጅ «ፈቃድ ወጥታለች፣ እማማ» አለችኝ። «እስከ መቼ?» አልኳት። «አልነገረችንም፤ ጋዋኗንም አጥባ ሰቅላ ነው የሄደችው» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁና መንገድ ዳር ያገኘሁት የማላውቀው ሰው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ወንድምሽን አንድ ነገር አልጠየቅሁትም። ብላ አልኩት፣ ተኛ አልኩት፣ ፀሎት አድርግ አልኩት። «መሞት ትፈልጋለህ ወይ?» አላልኩትም። ቃሉን ከጠራሁት ሞቱን የምጠራበት መስሎኝ ነበር። ሳልጠራውም መጣ። ስለዚህ አንቺን እጠይቅሻለሁ። ልጄ፣ መሞት እየፈለግሽ ነው ወይ?

አዎ ካልሽ አልቆጣም። አላለቅስብሽም፤ ባለቅስም ያልፍልኛል። ምን አጠፋሁ ብዬም አላስጨንቅሽም። ፋርማሲስቷ እንዲህ ያለውን ሕመም የሚያውቅ ሐኪም አንቺ ባለሽበት ከተማ እንዳለ ነግራኛለች፤ አድራሻውን በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች። በሽታ ነው አለችኝ፣ እንደ ሳንባ ምች። ወንድምሽ በሽታ መሆኑን የሚነግረው ሰው አላገኘም። አንቺ አግኝተሻል።

ከተሳሳትኩም ሳቂብኝ። ፈቃድ የወጣሽው ለማረፍ፣ ስልክሽ የተዘጋው በባትሪ፣ ቃሉም የተረሳው በችኮላ ከሆነ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አላግጪብኝ። «እማዬ በአንድ ቃል ምክንያት አገር አመሰች» እያልሽ ለልጆችሽ አውሪላቸው። ልብስ ሰፊው ከአሁኑ ቀልዱን አዘጋጅቷል።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

እስከዚህ ያለውን ትናንት ቤት ሆኜ ጻፍኩት። ይህን የምጽፈው በሚሄድ መኪና ውስጥ ጉልበቴ ላይ ስለሆነ ፊደሉ ይዘላል። የማተሚያ ቤታችን የጭነት መኪና ከእናንተ ከተማ ጥቅል ወረቀት ሊያመጣ ሲነሣ፣ ሾፌሩን ደብዳቤ አድርስልኝ ልለው ሄጄ ነበር። ጋቢናውን ሳየው ግን ራሴ ወጣሁ። የቤት ልብሴን እንኳ አልቀየርኩም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ስንነዳ ዋልን፤ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ «እናቴ፣ ትንሽ ይብሉ እንጂ» አለኝ። አላቀመስኩም።

ለምን ራሴ መጥቼ አልነገርኩሽም ትይኝ ይሆናል። ፊትሽን ካየሁ እንደገና እዋሻለሁ፤ ተንሸራተተ እልሻለሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ቀድሞኝ ይምጣ። ደግሞም አራት ፎቅ ነው። በዚህ ጉልበቴ እስክወጣ ድረስ የሚያልፈውን ጊዜ ፈራሁት። ሾፌሩ ወጣት ነው፣ ይሮጣል።

«ባትከፍትስ?» አለኝ አሁን፣ ሕንፃሽ ጋ ስንቆም።

«አንኳኳ።»

«ባትመልስስ?»

«በትከሻህ ግባ» አልኩት። እኔንም አስደነገጠኝ፤ እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና ጃኬቱን አወለቀ።

በሩን ከፍተሽ ይህን እያነበብሽ ከሆነ፣ ከፊትሽ የቆመው እሱ ነው። መልካም ሰው ነው፣ አትፍሪው። አንብበሽ እስክትጨርሺ ከአጠገብሽ እንዳይለይ አደራ ብዬዋለሁ። የእኔ ዕድሜ ከዕድሜሽ ላይ ይጨመርልሽ፤ ያየሁትን ዳግም አያሳየኝ፤ እግርሽን ያጽናልኝ።

መኪናው ከሕንፃሽ በር ፊት ለፊት ቆሟል፤ እኔ ውስጡ ነኝ። ልታዪኝ ብለሽ መስኮቱን አትክፈቺ። ሾፌሩን ያዢና በደረጃው ውረጂ።

እናትሽ