ባሌ የሰጠው ክኒን

ኅዳር 4

ሙቀቱን አልቻልነውም። ባሌ ሀያቱ ከጤና ጣቢያ ሲመለስ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። የደም ግፊቱ ወርዷል። በግፊቱ ክኒን ላይ የኮሌስትሮሉን ከጨመሩለት ወዲህ ከወትሮውም ዝቅ ብሏል አሉ። ነርሷ አኬሎ፣ «ይሄ የስብ መድኃኒት ግፊትም ትንሽ ይቀንሳል» ብላዋለች። ቀኑን ሙሉ ሱቃችን ውስጥ ይህንኑ ሲያወራ ዋለ። ሳሙና ሊገዛ ለመጣ ሁሉ! ይሁን፣ ደስ ይበለው... ጨው ቀንስ ስለው ግን መች ይሰማኛል?

ኅዳር 12

ተቃጥያለሁ! ዓሣ ልገዛ ባሮ ዳር ወርጄ ጎረቤታችን ኦፒው ጀልባውን ሲያጥብ አገኘሁት። «ፈትሂያ፣ ባልሽ በጣም ጥሩ ሰው። መድኃኒት ከተማ ውስጥ ጠፋ፣ እሱ የራሱን ሰጠኝ» አለኝ። የምን መድኃኒት? «የግፊት ነዋ!» ዓሣውንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሀያቱን ጠየቅኩት። ምንም አልደነገጠም። «ኮሌስትሮሉ ሁለቱንም ይሠራል። አንዱ ተርፎኝ ጎረቤቴ ሲቸገር ልደብቅ? ሰደቃ እኮ ነው።» ሰደቃ! ትርፍ ልብስ መሰለው? ደግሞ «ሐኪም ነሽ አንቺ?» ይለኛል። አንተስ ነህ?

ኅዳር 13

ጤና ጣቢያ ሄጄ አኬሎ ላይ ጮህኩባት። ይቀንሳል ያልሽው አንቺ ነሽ አልኳት።

«ትንሽ ነው ያልኩት፣ ፈትሂያ። ትንሽ። ሁሉም ሰው ላይ አይደለም። የግፊቱን ተው መቼ አልኩ? ሁለቱን አንድ ላይ ሲወስድ ነው የወረደው። ቶሎ ይምጣ፣ እንለካው። ኦፒውም ይምጣ። የሌላ ሰው መድኃኒት አይዋጥም።»

እውነቷን ነው። ጮኼባት ስመለስ አፈርኩ። ለኦፒው ነገርኩት፣ ወዲያው ሄደ። ለእሱ የሚሆነውን ፈልገው ሰጡት። የኔው ጉድ ግን... «ራሴን አላመመኝ፣ ምን ልለካ?» ግፊት ሁሌ በራስ ምታት ይመጣል ያለው ማነው? እራቱን አቅርቤለት ሳላናግረው ተኛሁ።

ኅዳር 15

ዛሬም እምቢ። «ነገ» አለ። ነገ፣ ነገ፣ ነገ!

ኅዳር 21

ወደቀ። ሱቅ ውስጥ የስኳር ጆንያ ሊያነሳ ሲል... አፉ ወደ ጎን ተጣመመ። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ። ኦፒው ነው አዝሎ ባጃጅ ላይ የጫነልኝ። አሁን ሆስፒታል ነን።

ሐኪሙ ግፊቱን ለክቶ፣ «መድኃኒት አቋርጧል እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? ለሰው ሰጠው ልበል? ያ አላህ፣ እንዲህ እንደተናደድኩበት አትውሰደው!

ታኅሣሥ 17

ቤት ከገባን ሰነበትን። ምርኩዝ ይዞ ይራመዳል። ምላሱ ግን አልተፈታም።

ጠዋት ሁለቱን ክኒኖች መዳፌ ላይ አድርጌ አቀረብኩለት። አፉን ከፈተ። የቱ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም። ዋጣቸው፤ ግማሹ ውሃ በአገጩ ወረደ። ንዴቴ ገነፈለ። «ያኔ ብትውጠው ምን ነበረበት? ተናገር እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት።

አየኝ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ይሄ ሰው እኮ ለአንድ ቃሌ አሥር የሚመልስ ነበር። ያንገበግበኝ ነበር። ተሟገተኝ እንጂ ሀያቱ... አንዴ ብቻ ተሟገተኝ።